ከናንዩኪ ያመለጠው ጣሊያናዊና ካሜራ ያላያቸው የእኛ ምርኮኞች

ከሞያሌ ተነስቶ ወደ ናይሮቢ የሚወርድ አውቶቡስ ማርሳቢትንና ኢሲዮሎን አልፎ ዳገቱን ሲያያይዘው፣ በስተግራ በኩል የኬንያ ተራራ ይመጣል። ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነ በረዶ የለበሰው ጫፍ ይታያል። ስለዚህ ተራራ ሲወራ አንድ ታሪክ አብሮ መነሳቱ አይቀርም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንድ የጣሊያን ወታደር ነፃነቱን ፍለጋ ከእንግሊዝ እስር ቤት አመለጠ፣ ተራራውን ወጣ፣ ጫፉንም ድል አድርጎ ባንዲራ ተከለ ይባላል። ታሪኩ ተጽፏል፣ በፊልምም ተሠርቷል፣ እስካሁንም ይተረካል። ሰውየው በእርግጥ ነበረ፣ ያደረገውም የሚደነቅ ነው። ሆኖም በዚያች አጭር ትረካ ውስጥ ሦስት ስህተት አለ። ከሦስቱ የሚብሰው አራተኛው ግን ከትረካው ውጭ የቀረው ነገር ነው። (ኢትዮጵያዊ መሆኑን ካልገለጽኩ በቀር ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ።)

ሰውየው ፌሊቼ ቤኑዚ ይባላል። በ1910 ቪየና ተወለደ፣ ያደገው ትሪየስት ነው፣ ተራራ መውጣትንም ከልጅነቱ የለመደ ነበር። «ወታደር» የሚለው የመጀመሪያው ስህተት ነው። ቤኑዚ በ1938 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የጣሊያንን የቅኝ አስተዳደር በሲቪል ሹምነት ሊያገለግል ነው። ጊዜው በአዲስ አበባ የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ከተፈጸመበት ዓመት ቀጥሎ ያለው ነበር። በሚያዝያ 1941 አዲስ አበባ ከፋሺስት እጅ ስትወጣ እርሱም ተያዘና ኬንያ ውስጥ ናንዩኪ በሚገኘው ካምፕ 354 ገባ። ታሪኩን የሚተርኩት ብዙዎቹ ከካምፑ አጥር ይጀምራሉ። እኛ ግን ሰውየው ወደዚያ አጥር ከየት እንደመጣ መጠየቅ አለብን፤ የመጣው ከእኛ አገር፣ ሰው ሲገዛ ከነበረበት ወንበር ነው።

ነፃነት ፍለጋ ነው የሸሸው የሚለውም ልክ አይደለም። ከናንዩኪ አምልጦ የት ይደረሳል? በሰሜን ኢትዮጵያ ነፃ ወጥታለች፣ ሶማሊያም በእንግሊዝ እጅ ናት። ገለልተኛ የነበረው ቅርቡ ምድር ፖርቱጋሎች የያዙት ሞዛምቢክ ሲሆን እርሱም ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ቤኑዚ ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ስለዚህም ተራራውን ወጥቶ ለመመለስ አሰበ፣ አብረውት የወጡትን ሁለቱን ሰዎች የመረጠውም ለዚሁ ነው። አንዱ ሐኪሙ ጆቫኒ ባሌቶ፣ ሌላው ቪንቼንዞ ባርሶቲ ነበሩ። በጥር 24 ቀን 1943 ሲወጡ ለካምፑ አዛዥ እንደሚመለሱ የሚገልጽ ደብዳቤ ትተው ሄዱ። በየካቲት 10 ደክመውና ከስተው፣ ማንም ሳይዛቸው በራሳቸው እግር ተመልሰው ገቡ።

ታዲያ ምን ገፋፋው? ራሱ በኋላ በጻፈው መሠረት በካምፑ የከበደው ረሃብ ወይም ዱላ አልነበረም። የሚሠራ ነገር መጥፋቱ፣ ዛሬ ከነገ አለመለየቱ ነበር። በእሾሃማ ሽቦ ውስጥ ቀን የሚቆጥር ሰው መጀመሪያ የሚሞትበት የወደፊቱ ጊዜ ነው። አንድ ማለዳ ደመናው ተገልጦ ተራራው ሲታየው ቤኑዚ እንደገና የሚያስብበት ነገር አገኘ።

በእኔ አስተያየት የታሪኩ እውነተኛ ሀብት ከመውጣቱ ይልቅ ዝግጅቱ ነው። ወራት ፈጅቷል። ከጫማ ሥር የሚታሰረውን የብረት ጥርስ ከወዳደቀ መኪና ፓራፋንጎና ከሽቦ ሠሩት። በረዶ የሚቆረጥበትን መጥረቢያ ከመዶሻ አበጁት። የወጡበት ገመድ አልጋቸው ላይ ተወጥሮ የነበረው የቃጫ መረብ ተፈትቶ የተገመደ ነው። ልብሱ ከብርድ ልብስ ተሰፋ። ስንቁ ከዕለት ራሽን እየተቆነጠረ፣ ከሌሎች እስረኞች በልዋጭ እየተገኘ ተጠራቀመ። እስረኞች አትክልት ለሚያለሙበት ቦታ በር የሚሆን ቁልፍ በድብቅ አስመስለው ሠሩ። ካርታ አልነበራቸውም። የተራራውን መልክ ያጠኑት ከካምፑ ሆነው በዓይናቸው፣ ከአንድ ሚሲዮናዊ መጽሐፍ ላይ ባገኙት ሥዕልና ከሥጋ ቆርቆሮ ላይ በተለጠፈ የማስታወቂያ ሥዕል ነው። ቆርቆሮው የሚያሳየው ተራራውን ከሌላ አቅጣጫ ነበር። ቁርጥራጭ ብረትን ማንም ወደማይጠረጥረው ነገር መለወጥ፣ ያንንም ከጠባቂ ዓይን መሰወር፣ ነገ የሚሠራ ሥራ ኖሮ መተኛት፤ ከሽቦው ውስጥ ያዳናቸው እርሱ ነው። ዘጋቢ ፊልም የሚሠራ ሰው ከበረዶው ይልቅ እዚያ ጓዳ ውስጥ ቢቆይ ይሻላል።

ሦስተኛው ስህተት ድሉን ይመለከታል። የኬንያ ተራራ ከፍተኛ ጫፍ ባትያን ሲሆን 5,199 ሜትር ነው። እነቤኑዚ ሊወጡት የሞከሩት እርሱን ነበር፤ አልተሳካላቸውም። ባርሶቲ ታሞ ከታች ካምፕ ቀረ። ሁለቱ በሰሜን ምዕራቡ አስቸጋሪ ጠርዝ ሞክረው የበረዶ ውሽንፍር መለሳቸው። ቀላሉ መንገድ በየት በኩል እንደሆነ የሚነግራቸው ካርታ አልነበረማ! ስንቃቸውም እያለቀ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሌናና ጫፍ ዞረው የጣሊያንን ባንዲራ ያቆሙት፣ ስማቸውን የጻፉበትን ወረቀትም በጠርሙስ አድርገው የተዉት። ሌናና 4,985 ሜትር ነው። ዛሬ ጎብኚዎች ያለገመድ በእግራቸው ይወጡታል። ባትያንን ደግሞ ገና በ1899 እንግሊዛዊው ሃልፎርድ ማኪንደር ወጥቶታል። መንገድ ያወጡለትና አብረውት ጫፉ ላይ የቆሙት ሴዛር ኦሊዬና ጆሴፍ ብሮሼሬል ከጣሊያን አልፕስ የመጡ ነበሩ። ስለዚህ ቤኑዚ የመጀመሪያው ጣሊያናዊም አይደለም። በ1994 የወጣው «ዘ አሴንት» የተሰኘው ፊልም በእውነተኛው ታሪክ ላይ ልብ ወለድ ቀላቅሏል፤ ከፊልሙ ታሪክ የተማረ ሰው ይህን ልብ ይበል። ሦስቱ ሰዎች ባትያን ላይ መሸነፋቸው ክብራቸውን አይቀንሰውም። በቃጫ ገመድና በመኪና ቁርጥራጭ እዚያ መድረሳቸው በራሱ ይበቃል፣ ማጋነን አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ቅጣቱ እንምጣ። ሦስቱ ሲመለሱ 28 ቀን ለብቻ እንዲታሰሩ ተፈረደባቸው። አዛዡ ግን ስፖርታዊ ጥረታቸውን አድንቆ በ7 ቀን ፈታቸው። ይህ ክፍል ሁልጊዜ የሚነገረው የአንድ እንግሊዛዊ መኮንን የልብ ስፋት ተደርጎ ነው። ልቡ ሰፊ መሆኑን አልክድም። ግን 28 ቀን ከየት መጣ? በ1929 የወጣው የጄኔቫ የጦር ምርኮኞች ስምምነት አምልጦ የተያዘ ምርኮኛ በዲሲፕሊን ብቻ እንዲቀጣ፣ እስራቱም ከ30 ቀን እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አዛዡ ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ ሕግ አጥር ውስጥ ነበር። ቤኑዚ ለካምፑ አዛዥ ደብዳቤ ጽፎ ለመውጣት የደፈረው፣ ሲመለስ በጥይት እንደማይጠበቅ ያውቅ ስለነበር ጭምር ነው። መንፈሱ ጠንካራ ነበር፤ ጥንካሬውን የሚያሳይበት ዕድሜ የሰጠው ግን ማራኪው የተገዛለት ሕግ ነው። ስለ ምርኮኞች በሚሠሩ ፊልሞች ሁሉ ላይ የማየው ትልቁ የተሳሳተ አመለካከት እዚህ ጋ ነው። የተረፈውን ያተረፈው ጽናቱ ብቻ ነው ካልን፣ ያልተረፉት ጽናት ስላነሳቸው ሞቱ ማለታችን ነው።

ያልተረፉትን እኛ እናውቃቸዋለን። በግንቦት 1936 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን የግዛቱ አካል አድርጌያለሁ ብሎ አወጀ። ከዚያ ወዲያ የሚዋጋ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በፋሺስቱ መዝገብ ወታደር መሆኑ ቀረና ዓመፀኛ ሆነ፤ የምርኮኛ መብትም አጣ። በሰኔ ወር ሙሶሊኒ ራሱ በኢትዮጵያ ለነበረው ሹሙ ለግራዚያኒ በላከው ቴሌግራም የሚያዙ ዓመፀኞች ሁሉ እንዲረሸኑ አዘዘ። ትእዛዙ በወረቀት ላይ አልቀረም። በታኅሣሥ 1936 የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋወሰን ሕይወታቸው እንደሚጠበቅ ቃል ተገብቶላቸው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ ፍቼ ላይ ተገደሉ። ራስ ደስታ ዳምጠው የደቡቡን ግንባር፣ የቦረናን ምድር ጨምሮ፣ የመሩ አዛዥ ነበሩ። ጦራቸው በጥር 1936 በገናሌ ዶሪያ ተፈታ፣ ነገሌም ተያዘች። እርሳቸው ከዚያ በኋላ ከዓመት በላይ ሲዋጉ ቆይተው በየካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ቡታጅራ አካባቢ ተያዙ፣ በዚያው ዕለትም ተረሸኑ። ቤኑዚ ካምፕ ሰብሮ ወጥቶ 7 ቀን ታሰረ። ራስ ደስታ ለአገራቸው በመዋጋታቸው ተይዘው አንድ ሌሊት አላደሩም። በሁለቱ መካከል ያለው የስድስት ዓመት ርቀት ብቻ ነው።

ቶሎ ያልተገደሉት የደረሰባቸው ደግሞ ረጅም ሞት ነው። ከሞቃዲሾ በስተደቡብ በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ የነበረው የዳናኔ ካምፕ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ውጧል። እዚያው ታስረው የነበሩት ሚካኤል ተሰማ ከጦርነቱ በኋላ በሰጡት ምስክርነት ወደ 6,500 ሰው መግባቱን፣ ከዚህም ከ3,000 በላይ መሞቱን አስመዝግበዋል። ገዳዩ ሙቀቱ፣ የተበላሸው ምግብና ውሃ፣ በሽታው ነበር። ቤኑዚ ከራሽኑ ቆንጥሮ ስንቅ አጠራቀመ፤ በዳናኔ የሚቆነጠር ራሽን አልነበረም። በዳህላክ ደሴቶች የነበረው የኖኩራ እስር ቤት ሌላው ስም ነው። ወደ ጣሊያን የተጋዙት ደግሞ አሉ። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ባላቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ ከተረሸኑ በኋላ ከልጆቻቸው ጋር በሰርዲኒያ አጠገብ ወዳለችው አዚናራ ደሴት ተወሰዱ። በ1940 ቱሪን ውስጥ አረፉ፣ የተቀበሩትም በዚያው ከተማ ነው። እኚህ እናት ከቤኑዚ ያነሰ ጽናት ነበራቸው የሚል ሰው ይኖራል?

ስለ እኛ ወገንም እውነቱን እንናገር፣ የተሳሳተ አመለካከት የሌላው ብቻ አይደለምና። ኢትዮጵያ ምርኮኛን በክብር ነው የያዘችው ይባላል፣ የዓድዋ ጣሊያኖችም ይጠቀሳሉ። በአመዛኙ ልክ ነው። ወደ 1,900 የሚጠጉ ጣሊያናውያን እስከ አዲስ አበባ ተወስደው ቆይተው፣ በጥቅምት 1896 ውል ከተፈረመ በኋላ ተለቀዋል። ነገር ግን ለጣሊያን ተሰልፈው የተማረኩት በመቶዎች የሚቆጠሩ አስካሪዎች በከሃዲነት ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን ተቆርጠዋል። ነጩን ምርኮኛ ያተረፈውም፣ ጥቁሩን የጎዳውም የማራኪው ውሳኔ ነበር። የዓድዋን ታሪክ የሚያወሳ ፊልም ሁለቱንም ካላሳየ ግማሹን ደብቋል።

በአገራችን ሌላ ሥር የሰደደ አስተሳሰብ አለ፤ ጀግና ይሞታል እንጂ አይማረክም የሚለው። ይህን የሚያምን ሰው ወደ ኮሪያ ይጠቁማል። እውነት ነው፣ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ120 በላይ ሲሞቱባቸው አንድም ሰው አልተማረከባቸውም፤ በ1953 ምርኮኞች ሲለዋወጡ የተረከቡት ኢትዮጵያዊ አልነበረም። የሚያኮራ ታሪክ ነው። ግን የአንድ ሻለቃ ታሪክ ለሌላው ሁሉ መለኪያ ሲሆን ግፍ ይሆናል። ራስ እምሩን አስቡ። በሽሬ ተዋግተው፣ ጎጃምን አቋርጠው፣ ጥቁር አንበሶች ከተባሉት አርበኞች ጋር ወደ ምዕራብ ዘልቀው፣ በታኅሣሥ 1936 ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበው እጅ ሰጡ። ጣሊያኖች ወደ ፖንዛ ደሴት አጋዟቸው። በ1943 ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወርዶ ሲታሰር ለጥቂት ቀናት የቆየው እዚያችው ደሴት ላይ፣ ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ነው። ራስ እምሩ ግን ተፈትተው አገራቸው ገቡ፣ በአሜሪካና በሌሎች አገሮችም በአምባሳደርነት አገለገሉ። «ካየሁት ከማስታውሰው» የተሰኘ ማስታወሻም ትተውልናል። እጅ መስጠታቸው የጀግንነታቸው መጨረሻ ነበር ወይ?

ወደ ድንበራችን ስንመለስም ሌላ የተረሳ ነገር አለ። የሞያሌ ሰው ስለዚያ ጦርነት ሲያወራ ምሽጉን ያነሳል። በሐምሌ 1940 ጣሊያኖች የእንግሊዙን ምሽግ ከበው፣ ውስጥ የነበረው ጦር በሌሊት ሾልኮ እንደወጣ ይተርካል። ከዚያ በፊት የሆነው ግን አይነሳም። በ1937 ገደማ በዚህ በኩል ተሻግረው ወደ ኬንያ የገቡትን ኢትዮጵያውያንና ከጣሊያን ጦር የከዱ ኤርትራውያን እንግሊዞች ኢሲዮሎ በካምፕ አስቀመጧቸው፣ በኋላም ወደ ታቬታ ወሰዷቸው። ብዙ ሰው እነዚህን የሚያስባቸው በእርዳታ የኖሩ ስደተኞች አድርጎ ነው። ግን ጣሊያን በሰኔ 1940 በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ስታውጅ ከመካከላቸው ወታደሮች ተመለመሉ። በእንግሊዞች ከሚመራው ከጌዴዎን ጦር ጋር ጎጃም የገባው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ባታሊዮን በአብዛኛው የተቋቋመው ከእነርሱ ነው። በመጋቢት 6 ቀን 1941 ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ ያፈገፍግ የነበረው እጅግ የሚበዛ የጣሊያን ጦር ቻረቃ ወንዝ ላይ የደረሰበት ይህ ባታሊዮን ነበር። ብዙ ሰው ወደቀበት፣ ግን ተዋጋ። ሞያሌም ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀድሞ፣ በየካቲት 22፣ ከደቡብ አፍሪካ ጦር ጋር በተሰለፉ ኢትዮጵያውያን አርበኞች እጅ ገብታ ነበር። ከሞያሌ ተነስቶ ኢሲዮሎ ላይ ሻይ የሚጠጣ መንገደኛ ያቺ ከተማ የእኛም ታሪክ እንደሆነች ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ገና በሕይወት ያለው ታሪክ ነው። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ የተማረኩት ኢትዮጵያውያን ውጊያው በመጋቢት 1978 ካበቃ በኋላ ለአሥር ዓመት አልተመለሱም። በ1949 የወጣው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ጦርነት ሲቆም ምርኮኞች ሳይዘገይ እንዲለቀቁ ያዛል። እነርሱ ግን መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ሲያድ ባሬ በሚያዝያ 1988 እስኪስማሙ ድረስ ተያዙ። ከዚያ በኋላ ነው ቀይ መስቀል በሺህ የሚቆጠሩትን ወደ አገራቸው ያጓጓዘው። ከተመለሱት አንዱ የኤፍ-5 ተዋጊ ጀት አብራሪው ለገሠ ተፈራ ነበሩ፤ በሶማሊያ እስር ከአሥር ዓመት በላይ አሳልፈዋል። ከኢትዮጵያ ጎን የተሰለፈው ኩባዊው ኦርላንዶ ካርዶሶ ቪላቪሴንሲዮም በጥር 1978 ተይዞ በነሐሴ 1988 ተለቀቀ። ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን ያሳለፈው ለብቻው ተዘግቶበት ነው። አገሩ በጀግንነት ተቀበለችው፣ የእስር ዘመኑንም በመጽሐፍ ጻፈው።

ከእኛ ወገን ስማቸው የታወቀው ጥቂት መኮንኖች ናቸው። ተራው ወታደር፣ በሃያ ዓመቱ ተይዞ በሠላሳ ዓመቱ የተመለሰው፣ ዛሬ ወደ ሰባ እየተጠጋ ነው። እንደ ቃጫው ገመድ የሚገመድ ምን ነገር እንዳገኘ፣ ቀኑን በምን እንደቆጠረ፣ ከማን ጋር ቋንቋ እንደተማማረ፣ ጓዱን የት እንደቀበረ፣ ሲመለስ ቤተሰቡ በሕይወት ጠብቆት እንደሆነ ወይም ተስካሩን አውጥቶ እንደቆየ አልተጠየቀም። እነዚህን ሰዎች ለመቅረጽ የሚነሳ ወጣት ባለሙያ ካለ እንዴት ተማረክህ ከሚለው አይጀምር። እዚያ ምን ትበላ ነበር፣ ማን ይጠብቅህ ነበር፣ ስምህ በቀይ መስቀል ዝርዝር ላይ የሰፈረው መቼ ነው ብሎ ይጀምር። መልሱ ያለው እነርሱ ዘንድ ነው፣ አብዛኞቹም ሌላ ሃያ ዓመት አይጠብቁንም።